ምዕራፍ ሰባት፦ ከፈርኒ በረዶ ሥር

ፈርኒ በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት፣ በሮኪ ተራሮች መካከል በኤልክ ሸለቆ የተቀመጠች፣ ስድስት ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በድንጋይ ከሰል ምክንያት ነው፤ ከሰሉ ግን እንጀራም መከራም ይዞላት መጣ። በ1902 (የዚህ ምዕራፍ ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አጠገቧ በሚገኘው የኮል ክሪክ ማዕድን የደረሰ ፍንዳታ ከ120 በላይ ሠራተኞችን ፈጀ። ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ ከጫካ የተነሣ እሳት ከተማዋን በአንድ ከሰዓት በኋላ አመድ አደረጋት። ነዋሪዎቿ በጡብና በድንጋይ መልሰው ሠሯት። ዛሬ ከከሰሉ ባልተናነሰ የሚያኖራት ከሰማይ የሚወርደው በረዶ ነው። የብርዱ ወራት ሲገባ በሜትር የሚለካ በረዶ በተራሮቹ ላይ ይከመራል፤ የስኪ ወዳጆችም ከየአገሩ ይጎርፋሉ።

በዚህች ከተማ መሃል ኤሌክትሪክ እየበላ በረዶ የሚሠራ አዳራሽ ቆሟል፤ የፈርኒ መታሰቢያ አዳራሽ ይባላል። ጎስት ራይደርስ የተሰኘው የከተማዋ ወጣቶች ቡድን የበረዶ ሆኪ የሚጫወተው እዚያ ነው። ከሆኪው ሜዳ ሌላ ለከርሊንግ የሚሆን በረዶም ነበረው። ከርሊንግ ከባድ የግራናይት ድንጋይ በበረዶ ላይ እያንሸራተቱ ወደ ዒላማ የሚልኩበት፣ ከሩቅ ሲያዩት የተኛ፣ ሲገቡበት ግን የሚያናክስ ጨዋታ ነው።

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ በበረዶ የተከበበች ከተማ በረዶ የሚሠራ ማሽን መግዛቷ ግራ ያጋባል። መልሱ ከታሪክ ይጀምራል፤ የሚያልቀው ግን አዳራሹ ውስጥ፣ ተመልካች በማይገባበት የማሽን ክፍል ነው።

ብርድ እያለ ማሽን ለምን?

የመጀመሪያው የተደራጀ የቤት ውስጥ የሆኪ ግጥሚያ ተብሎ የሚታወቀው ማርች 3 ቀን 1875፣ በሞንትሪያል ቪክቶሪያ የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ የተደረገው ነው። አዳራሹ ጣሪያና ግድግዳ ነበረው፤ ማቀዝቀዣ ግን አልነበረውም። በረዶው የሚረጋው በውጭው ብርድ ነበር። የወለሉ ስፋት 62 በ24 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ዛሬ በሰሜን አሜሪካ ለትልልቅ ቡድኖች ከተወሰነው 61 በ26 ሜትር እምብዛም አይርቅም።

የተፈጥሮ በረዶ ግን ለጨዋታ የማይመች አመል አለው። ቀን ፀሐይ ትነካውና ላዩ ይለሰልሳል፤ ሌሊት ተመልሶ ሲረጋ ጎርበጥባጣ ይሆናል። ሞቅ ያለ ነፋስ ሁለት ቀን ከነፈሰ ግጥሚያው ይሰረዛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የጨዋታው ወቅት ያጥራል፤ ልጆች ልምምድ የሚጀምሩት በመስከረምና በጥቅምት ነው፣ ሐይቅ በደንብ የሚረጋው ግን ከዚያ በብዙ ሳምንታት ዘግይቶ ነው። በፈርኒም ቢሆን ተራራ ላይ የተከመረው በረዶ ለስኪ እንጂ ለሆኪ አይሆንም። ሆኪ የሚፈልገው ጠጣር፣ ለጥ ያለ፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሙቀት ያለው በረዶ ነው።

የመጀመሪያውን የተሳካ በማሽን የረጋ የመንሸራተቻ ወለል የሠራው ጆን ጋምጂ የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ነው። ሐሳቡ ስለ ስፖርት አልነበረም። ሥጋ ከአውስትራሊያ ወደ እንግሊዝ ሳይበላሽ በመርከብ የሚመጣበትን መንገድ ሲፈልግ፣ በቱቦ ውስጥ በሚዘዋወር ቀዝቃዛ ፈሳሽ ወለል ላይ ያለ ውሃን ማርጋት እንደሚቻል ደረሰበት። በ1876 ለንደን ውስጥ ግላሲያሪየም ብሎ የከፈተው ስፍራ ከአንድ ሰፊ ሳሎን ብዙም የማይበልጥ ነበር። ከእሱ በፊት በ1840ዎቹ እዚያው ለንደን ውስጥ ከአሳማ ስብና ከልዩ ልዩ ጨዎች የተሠራ የውሸት በረዶ ለሕዝብ ቀርቦ ነበር፤ ሽታው ነው የገደለው ይባላል።

ይህን ጥበብ ወደ ካናዳ ያስገቡት ግን የፈርኒ ጎረቤቶች ናቸው ማለት ይቻላል። የፓትሪክ ቤተሰብ ፈርኒም በምትገኝበት በኩትኒ ምድር፣ ከፈርኒ በስተ ምዕራብ ባለችው ኔልሰን ከተማ፣ በእንጨት ንግድ ይተዳደር ነበር። አባት ጆ ፓትሪክ ድርጅቱን በ1911 ሲሸጥ፣ ሁለቱ የሆኪ ተጫዋች ልጆቹ ሌስተርና ፍራንክ በገንዘቡ በፓሲፊክ ጠረፍ የሆኪ ሊግ እንዲመሠረት አግባቡት። ችግሩ ጠረፉ ላይ ውሃ እንደ ልብ አለመርጋቱ ነበር፤ ቫንኩቨርና ቪክቶሪያ ዝናብ እንጂ በረዶ አይታመንባቸውም። ስለዚህ በማሽን ማርጋት የግድ ሆነ። በ1911 መጨረሻ በሁለቱ ከተሞች የተከፈቱት አዳራሾች በካናዳ በማሽን የረጋ በረዶ የታየባቸው የመጀመሪያዎቹ ሲሆኑ፣ የቫንኩቨሩ ዴንማን አሬና ከ10,000 በላይ ተመልካች ይይዝ ነበር። የአንድ እንጨት ነጋዴ ጥሪት እንዲህ ባለ ነገር ላይ መዋሉ የዘመኑን ባለ ባንክ ያስደነግጣል። የቪክቶሪያ ቡድን ግን በ1925 የስታንሊ ዋንጫ የተባለውን ዝነኛ የሆኪ ዋንጫ ወሰደ። አዳራሾቹ ሁለቱም በእሳት አለቁ፤ የቪክቶሪያው በ1929፣ የቫንኩቨሩ በ1936።

ብርድ አይመረትም

የዚህ ምዕራፍ ዋና ነገር አንድ ነው፤ የበረዶ አዳራሽ ብርድ አያመርትም። ብርድ ተሠርቶ የሚጨመር ነገር አይደለም፣ የሙቀት መጉደል ነው። በምዕራፍ ሦስት የቤት ፍሪጅ ጀርባው ለምን እንደሚሞቅ ስናይ ይህንኑ ነክተናል። የሆኪ አዳራሽ ተገልብጦ የተኛ ግዙፍ ፍሪጅ ነው፤ ሙቀትን ከወለሉ እየነቀለ ደጅ ይጥላል።

እንዴት እንደሚነቅል ለመረዳት ጤና ጣቢያ ድረስ መሄድ ይበቃል። ነርሷ መርፌ ከመውጋቷ በፊት ክንዳችንን በአልኮል በራሰ ጥጥ ስትጠርግ የሚሰማንን ቅዝቃዜ ሁላችንም እናውቀዋለን። አልኮሉ ጠርሙስ ውስጥ ሳለ ከክፍሉ አየር የቀዘቀዘ አልነበረም። ቅዝቃዜው የመጣው አልኮሉ ሲተን ነው። ፈሳሽ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ሙቀት ያስፈልገዋል፤ በአቅራቢያው ያገኘው ደግሞ የክንዳችንን ሙቀት ነው፣ እሱኑ ይዞ ይሄዳል።

በበረዶ አዳራሽ ማሽን ክፍል የሚሆነው ይኸው ነው። የአልኮሉን ቦታ አሞኒያ ይይዛል፣ የክንዱን ቦታ ደግሞ ብራይን የሚባል፣ ብዙ ጊዜ ካልሲየም ክሎራይድ የተባለ ጨው የተበጠበጠበት ውሃ። ብራይኑ በጨውነቱ የተነሣ ከዜሮ በታች ወርዶም አይረጋም። ሁለቱ የሚገናኙበት ዕቃ ቺለር ይባላል። ቺለር ጋደም ያለ የብረት በርሜል ነው፤ ውስጡን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጡ በርካታ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት። ብራይኑ በቱቦዎቹ ውስጥ ይፈሳል፤ አሞኒያው በቱቦዎቹ ዙሪያ ይፈላል። አሞኒያው ሲፈላ የሚያስፈልገውን ሙቀት በቱቦው ግድግዳ በኩል ከብራይኑ ይመጠምጣል። አልኮሉ ቆዳችንን ነክቶ ደማችን ውስጥ እንደማይገባ ሁሉ፣ እዚህም ሁለቱ ፈሳሾች ሙቀት ይቀባበላሉ እንጂ አይቀላቀሉም። የሚለያቸው የቱቦው ግድግዳ፣ ማለት የማሽኑ ቆዳ ነው። ይህን ቆዳ አንባቢ ልብ ይበልልን።

«ይፈላል» ስንል ሞቀ ማለት አይደለም። በምዕራፍ አራት ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላና ምክንያቱም የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ያነሰ መሆኑ እንደሆነ አይተናል። አሞኒያ በባሕር ጠለል ግፊት የሚፈላው ከዜሮ በታች በ33 ዲግሪ ነው። ግፊቱን ትንሽ ከፍ በማድረግ የሚፈላበትን ነጥብ ለበረዶ ሥራ ወደሚመቸው፣ ከዜሮ በታች አሥር ምናምን ዲግሪ ማምጣት ይቻላል። እንፋሎቱን ኮምፕሬሰር፣ ማለት መጭመቂያው፣ መጥጦ አጥብቆ ይጨምቀዋል። ግፊቱ ሲያይል እንፋሎቱ ይሞቃል፤ ከውጭው አየር በላይ ስለሞቀም ኮንደንሰር በተባለው ክፍል ሙቀቱን ወደ ደጅ ለቅቆ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹም እንደገና ወደ ቺለሩ ይመለሳል። ነርሷ በጥጧ የጠረገችው አልኮል ክፍሉ ውስጥ ተንኖ ይጠፋል፤ አሞኒያው ግን አንድም ጠብታ ሳይባክን ዓመቱን ሙሉ ይመላለሳል፤ ቢያንስ ሐሳቡ እንደዚያ ነው።

ለምን አሞኒያ? ሒሳቡ ይናገራል። አንድ ኪሎ ውሃን ዜሮ ዲግሪ ላይ ሳለ ለማርጋት 334 ኪሎጁል ሙቀት መነቀል አለበት። አንድ ኪሎ አሞኒያ በቺለር ውስጥ ሲፈላ 1,300 ኪሎጁል ያህል ይመጥጣል። አንድ ኪሎ አሞኒያ አንድ ጊዜ ሲፈላ አራት ኪሎ ገደማ ውሃ አረጋ ማለት ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ የኦዞን ንጣፍን አይጎዳም፣ ምድርንም አያሞቅም። ትናንሽ ከተሞች የወደዱት በነዚህ ምክንያቶች ነው።

የወለሉ ንብርብር

ቺለሩ ያቀዘቀዘው ብራይን ተገፍቶ ወደ ሜዳው ይሄዳል። ከሜዳው ኮንክሪት ውስጥ እርስ በርስ ተጠጋግተው የተዘረጉ ቱቦዎች አሉ፤ ርዝመታቸው ቢቀጣጠል በኪሎ ሜትሮች ይቆጠራል። ብራይኑ ከዜሮ በታች ዘጠኝና አሥር ዲግሪ ሆኖ ይገባል፣ ከኮንክሪቱ ሙቀት ተቀብሎ በጥቂቱ ሞቆ ይመለሳል። በላዩ ላይ ውሃ በስሱ ይረጫል፤ ይረጋል፤ እንደገና ይረጫል። ጥቂት ንብርብሮች ከረጉ በኋላ ነጭ ቀለም ይቀባል፣ አለዚያ የሚታየው የኮንክሪቱ ግራጫ ነበር። ከዚያ መስመሮቹና ክቦቹ ይሣላሉ፣ በላያቸውም ሌላ ውሃ ይረጋል። መጨረሻ ላይ የበረዶው ውፍረት ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ሩጫና መላተም የሚካሄድበት በረዶ ከአንድ አውራ ጣት ስፋት ብዙም አይበልጥም፤ ውሃው ግን ከ40,000 ሊትር ያልፋል።

ከኮንክሪቱ በታች ያለው ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። እዚያ ማሞቂያ አለ! ብርዱ ወደ ታች ዘልቆ አፈሩን ካረጋው፣ በአፈሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ያብጥና ወለሉን ወደ ላይ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ከቀዝቃዛው ኮንክሪት ሥር ሙቀት የማያሳልፍ ንጣፍ፣ ከንጣፉም ሥር ለብ ያለ ፈሳሽ የሚዘዋወርባቸው ቱቦዎች ይቀበራሉ።

ሙቀቱም ቢሆን በየአቅጣጫው ይመለሳል። መብራቱ፣ ተመልካቹ፣ የሚገባው አየር ሁሉ በረዶውን ያሞቃሉ፤ ጣሪያው ሳይቀር ሙቀት ወደ ታች ይረጫል፣ በብዙ አዳራሾች ውስጥ ከዋነኞቹ ጠላቶች አንዱም እሱ ነው። አንዳንዶቹ ጣሪያቸውን ከታች በኩል እንደ መስተዋት በሚያብለጨልጭ ስስ አሉሚኒየም የሚሸፍኑት ለዚህ ነው። የሜዳውን ገጽ የሚያድሰው መኪናም በየዕረፍቱ የሚያፈስሰው ሙቅ ውሃ ነው፤ ሙቅ ውሃ የላይኛውን ጭረት በጥቂቱ አቅልጦ ከሥሩ ጋር ስለሚዋሐድ ጠንካራና ጥርት ያለ በረዶ ይሰጣል። ያን መኪና በ1949 የፈጠረው ፍራንክ ዛምቦኒ ቀድሞ በረዶ በብሎክ እየሠራ ይሸጥ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ ገበያውን ሲወስድበት ካሊፎርኒያ ውስጥ የመንሸራተቻ አዳራሽ ከፈተ። ከመኪናው በፊት ሜዳውን ማደስ የብዙ ሰው ጉልበትና ከአንድ ሰዓት በላይ ይጠይቅ ነበር። የሚበርድ ነገር ሸጦ ገበያ ላጣ ሰው መኪናው ጥሩ ካሣ ነው።

ቆዳው ሲበሳ

አሞኒያ ውለታው የበዛውን ያህል ጨካኝ ነው። ሽታው በአየር ውስጥ በሚሊዮን ጥቂት እጅ ብቻ ሲኖር አፍንጫን ይወጋል፤ ከሚሊዮን 300 እጅ ሲደርስ ለሕይወት ያሰጋል። እርጥበት ስለሚወድ ዓይን፣ ጉሮሮና ሳንባ ላይ ይዘምታል።

በፈርኒ የከርሊንጉ በረዶ የራሱ ቺለር ነበረው፤ ዕድሜው ከሚመከረው የአገልግሎት ዘመን አልፎ ነበር። በ2017 የጸደይ ወራት ብራይኑ ውስጥ አሞኒያ መኖሩ ታወቀ። ወደ ክንዱ ስንመለስ፣ አልኮሉ ቆዳውን አልፎ ገብቷል ማለት ነው። ከቱቦዎቹ በአንዱ የብየዳ መስመር ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተከፍታ ነበር። ቺለሩ ግን አልተቀየረም፤ አዲሱ የጨዋታ ወቅት ሲቃረብ ተመልሶ ሥራ ጀመረ።

ኦክቶበር 17 ቀን 2017 ጎህ ሳይቀድ የአሞኒያ ማንቂያው ጮኸ። ማሽኑ ቆመ፤ ሠራተኞችም ችግሩን ለማስተካከል ወደ ማሽኑ ክፍል ገቡ። የሆነውን ለመረዳት አንድ ነገር ማስታወስ ያሻል፤ አሞኒያው በግፊት የታሰረ ነው፣ ብራይኑ ግን ግፊት የለሽ ነው ሊባል ይችላል። የብራይኑ ቱቦዎች ከፍተኛ ግፊት እንዲችሉ ታስበው የተሠሩ አይደሉም። ቫልቮቹ ተዘግተው ስለነበር በቀዳዳዋ ሾልኮ የገባው አሞኒያ መውጫ አጣ፣ ግፊቱም በብራይኑ መስመር ውስጥ እየተጠራቀመ ሄደ። በመጨረሻ አንድ የቱቦ ማያያዣ ተላቀቀ፤ ብራይንና አሞኒያ ክፍሉን በቅጽበት ሞላው። ሦስት ሰዎች ሞቱ። ሁለቱ የከተማው አስተዳደር ሠራተኞች፣ አንዱ ከማቀዝቀዣ ጥገና ድርጅት የመጣ ባለሙያ ነበሩ። ከተማዋ የአስቸኳይ ጊዜ አወጀች፤ በአዳራሹ አካባቢ ያሉ ነዋሪዎች ለቀናት ከቤታቸው ርቀው ሰነበቱ። የጎስት ራይደርስ ልጆችም ሜዳ አልባ ሆነው በሌሎች ከተሞች በረዶ ላይ ለመጫወት ተገደዱ።

በግዛቲቱ የቴክኒክ መሣሪያዎችን ደኅንነት የሚቆጣጠረው ቴክኒካል ሴፍቲ ቢሲ በ2018 ያወጣው የምርመራ ዘገባ በአንድ ሰው ላይ ጣት አልቀሰረም። ያረጀ መሣሪያ፣ የታወቀ ግን ችላ የተባለ ፍሳሽ፣ በየደረጃው የተወሰኑ የአሠራር ውሳኔዎች፤ ተደራርበው የመጡ ናቸው። እዚህ ላይ የትንሽ ከተማን በጀት ማሰብ ደግ ነው። አዲስ ወንበር፣ አዲስ የውጤት ሰሌዳ፣ አዲስ የልብስ መቀየሪያ ክፍል ሕዝብ ያየዋል፣ ከንቲባውም ይመረቅበታል። የቺለር ቱቦን ማንም አያየውም። ሠርቶ እስካደረ ድረስ ለመጪው ዓመት ቢተላለፍ የሚቆጣ የለም፤ መጪው ዓመት ሲመጣም እንዲሁ። ከአደጋው በኋላ ብዙ የካናዳ ከተሞች ያረጁ ቺለሮቻቸውን መቁጠርና ወደ በጀት ማስገባት የጀመሩት ያ ዝምታ ስለተሰበረ ነው።

ከአሞኒያ ወዲያ

ታዲያ አሞኒያን መተው አይሻልም? አማራጮች አሉ፣ ከችግር ነጻ የሆነ አማራጭ ግን የለም። በፋብሪካ የተቀመሙት ማቀዝቀዣ ጋዞች ሳንባ አይበሉም፤ ብዙዎቹ ግን ካመለጡ ምድርን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ አብልጠው ያሞቃሉ፣ በየጊዜውም በሕግ እየተገደቡ ይሄዳሉ። በኩቤክ የምትገኘው ትንሿ ሳን ጄዴዮን ደ ቦስ በ2010 ሌላ መንገድ ሞከረች፤ ማርሴል ዱቲል የተባለው አዳራሿ ሙሉ በሙሉ በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ተተከለለት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ አሞኒያ አያቃጥልም፤ ነገር ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከበዛ አየር ያሳጣል፣ የሚሠራበትም ግፊት ከአሞኒያው በብዙ እጥፍ የበለጠ ስለሆነ ጠንካራ ቱቦና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድን ተፈላጊ ያደረገው ሌላው ነገር የሚጥለው ሙቀት ነው። ሲጨመቅ በጣም ስለሚሞቅ ወደ ደጅ የሚጣለውን ሙቀት መልሶ መጠቀም ይቀላል። ከሜዳው የተነቀለው ሙቀት የተጫዋቾቹን የገላ መታጠቢያ ውሃ ያሞቃል፣ ከወለሉ ሥር ያለውን አፈር ከመርጋት ይጠብቃል፣ በየዕረፍቱ በረዶው ላይ የሚፈስሰውን ሙቅ ውሃም ያዘጋጃል። በአሞኒያ የሚሠሩ አዳራሾችም በመጠኑ ይህንኑ ያደርጋሉ። አንድ ማሽን አንዱን ጎን ሲያቀዘቅዝ ሌላውን ማሞቁ ስለማይቀር፣ ዋናው ጥያቄ የትኛውን ጎን እንፈልጋለን የሚለው ይሆናል። ይኸው ዑደት ተገልብጦ በብርድ አገር ቤት ሲያሞቅ፣ በአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሦስት እጅ ያህል ሙቀት እንዴት እንደሚገኝ የሚቀጥለው ምዕራፍ ጉዳይ ነው።